ምዕራፍ ስድስት፦ የአባያ ምሽትና የፔሊካን ክንፍ

አባያ ላይ የምሽት ብርሃን ሰው አይጠብቅም። ሐይቁ በወላይታ በኩል ያለው ዳርቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ወደ አድማሱ የምትወርደው ሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው። በጠራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ይሆናል። ፀሐይዋ አድማሱን ስትነካ ወደ 400 ሉክስ ይወርዳል። ከአድማሱ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ ድረስ ደግሞ 22 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀራል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ ከ4 ሉክስ በታች ይሆናል። ስሌቱ ሲሠራ፣ ብርሃኑ በየ3 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ለንደን ላይ በሰኔ ወር ይኸው ሽግግር ከ45 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። አብዛኞቹ የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት እንዲህ ባሉ አገሮች ውስጥ በመሆኑ፣ ስለ ረጅሙ ወርቃማ ሰዓት የሚሰጡት ምክር ወላይታ ውስጥ፣ ሁምቦ ላይ ቆሞ ፔሊካን ለሚጠብቅ ሰው አይሠራም። እሱ አንድ ጊዜ ካሜራውን አስተካክሎ ሻዩን እስኪጨርስ ድረስ፣ ያስተካከለው ሁሉ አልፎበታል።

ስለዚህ በዚህ ሰዓት የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሁሉን አያገኝም። ክንፉ ጥርት ያለ፣ ጥላው ያልሻከረ፣ ከወፉ ምንቃር እስከ ጀርባው ያለው ተራራ ድረስ የጠራ ፎቶ በቀን ይቻላል። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን አንዱ ለሌላው ይሠዋል። ሰዎች ስለ ካሜራ ዋጋ ብዙ ይጠይቁኛል፤ የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ከዚህ ወፍ ምን እንዲታይ ትፈልጋለህ? ዓይኑ ነው? የክንፉ ቅርጽ ነው? ወይስ የሚሄድበት መስመር? መልሱ ከመምሸቱ በፊት ካልተወሰነ፣ ጨለማው ራሱ ይወስናል።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ፔሊካን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹተሩ ለ1/1000 ሰከንድ ቢከፈት፣ ወፉ በዚያች ቅጽበት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይንቀሳቀሳል። ለ1/60 ሰከንድ ቢከፈት ግን 23 ሳንቲ ሜትር፤ ከስንዝር በላይ። ካሜራው ዝም ብሎ ከቆመ ያ ሁሉ ርቀት በፎቶው ላይ ይደበዝዛል። ካሜራው ወፉን ተከትሎ በእኩል ፍጥነት ከዞረ ግን ገላው ባለበት ይቆማል፤ የሚደበዝዙት የሚወዛወዘው ክንፍና ከኋላ ያለው ውሃ ናቸው።

ፀሐይዋ አድማሱን በነካችበት በዚያ የ400 ሉክስ ብርሃን፣ በ1/1000 ሰከንድ ለማንሳት አፐርቸሩ ኤፍ 6.3 የሆነ ሌንስ 25,000 ያህል አይኤስኦ ይጠይቃል። ኤፍ 2.8 የሆነው ሌንስ ግን በ5,000 ይበቃዋል፤ አምስት እጥፍ ብርሃን ያስገባልና። ሶዶ ውስጥ ሰርግ የሚያነሱ ባለሙያዎች እጅ ላይ የሚገኘው የ70-200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ለወፍ አጭር ነው ተብሎ ይናቃል። በቀን እውነት ነው። በምሽት ግን ከረጅሙና ከጠባቡ 600 ሚሊ ሜትር ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ወፉ በፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ይሆናል፤ ሰማዩና ውሃው ግን ቦታ ያገኛሉ። እንደ አባያ ያለ ሰፊ ሐይቅ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎቶው ያለው እዚያ ነው።

አይኤስኦ ከፍ ሲል ፎቶው ላይ የሚመጣውን ነጠብጣብ፣ ማለትም ሽክረትን፣ ብዙ ሰው የካሜራው ጉድለት አድርጎ ያየዋል። ምንጩ በአብዛኛው ብርሃኑ ራሱ ነው። ብርሃን በቅንጣት በቅንጣት ነው የሚመጣው፤ ቅንጣቶቹም በእኩል ተራ አይደርሱም። ደጅ ላይ በተደረደሩ ሲኒዎች ላይ ትንሽ ካፊያ ቢጥል፣ አንዱ ሲኒ ውስጥ ሦስት ጠብታ፣ ከጎኑ ባለው ሰባት፣ በሌላው ምንም ላይገባ ይችላል። ዶፍ ሲጥል ግን ሁሉም እኩል የሞሉ ይመስላሉ። የካሜራው ፒክስሎችም እንደዚያው ናቸው። አንድ ፒክስል በአማካይ 100 ቅንጣት ቢደርሰው፣ መለዋወጡ ወደ 10 ይደርሳል፤ ይህም 10 በመቶ ነው። 10,000 ቢደርሰው መለዋወጡ 100 ነው፤ 1 በመቶ ብቻ። አይኤስኦ መጨመር የደረሰውን ብርሃን አጉልቶ ያሳያል እንጂ አንዲት ቅንጣት አይጨምርም። ቅንጣት የሚጨምሩት አፐርቸሩ ሰፊ የሆነ ሌንስ፣ ረዘም ያለ የሹተር ጊዜና ወደ ብርሃኑ የዞረ ወፍ ናቸው። ሽክረትን ፈርቶ አይኤስኦን ዝቅ አድርጎ ያነሳ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ጥቁሩን ፎቶ በኮምፒውተር ሲያነጣው ከፈራው የባሰ ያገኛል። ሽክረትን የሚያለሰልሱ ፕሮግራሞች ዛሬ በርትተዋል፤ የደበዘዘ ዓይንን ግን መልሰው አያመጡም። ምርጫ ከመጣ ሽክረቱን ተቀበሉ።

ወፎቹ ራሳቸው በዚህ ሰዓት በተለየ መንገድ የመብረራቸው ነገር ከካሜራው ይበልጥ ያጓጓኛል።

ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው። ትልቁ ነጭ ፔሊካን 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ ወደ 3 ሜትር ይጠጋሉ። እንዲህ ያለ ገላ ሩቅ ለመሄድ ሞቃት አየር ይፈልጋል። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት የሻላ ሐይቅን የፔሊካን መራቢያ መዝግበዋል። በዚያን ጊዜ ወፎቹ ጎጆ ይሠሩ የነበረው በሻላ ደሴቶች ላይ ነው፤ ዓሣ ያጠምዱ የነበረው ግን ወደ ሌሎች ሐይቆች እየሄዱ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያቀልላቸው መሬቱ ሲሞቅ የሚነሳው አየር ነው። በእሱ እየተሽከረከሩ ከፍ ይሉና ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሸራተታሉ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ያ አየር የለም። በእነዚህ ሰዓታት አባያ ላይ የሚንቀሳቀስ ፔሊካን በክንፉ ጉልበት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህም ውሃውን ሊነካ እስኪል ድረስ ዝቅ ይላል። ክንፍ ከውሃ በላይ በጣም ዝቅ ሲል፣ ወደኋላ የሚጎትተው የአየር ሽክርክሪት ስለሚታፈን መብረሩ ይቀላል። ለፎቶ አንሺው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ወፉ ከሰማይ ጥግ ሳይሆን ከፎቶ አንሺው ዓይን ትክክል ይመጣል፤ ነጸብራቁም ከሥሩ ውሃው ላይ አብሮት ይሄዳል። ፍሬሙን ስታዘጋጁ ለነጸብራቁ ቦታ ተዉለት፤ ክንፉን ለማጉላት ሲባል ግማሹ የተቆረጠ ነጸብራቅ ፎቶውን ያበላሸዋል።

ሰልፉም ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሴኔጋል ውስጥ ጀልባና ትንሽ አውሮፕላን እንዲከተሉ የለመዱ ፔሊካኖችን የልብ ምት ለካ። በሰልፍ የሚበሩት ብቻቸውን ከሚበሩት ከ11 እስከ 14 በመቶ ጉልበት ይቆጥባሉ። ከሚቆጥቡበት ምክንያት አንዱ ከኋላ ያሉት ክንፋቸውን ሳይመቱ ብዙ ስለሚንሸራተቱ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ካሜራውን መሪው ላይ አይተክልም። መሪው ክንፉን ይመታል፤ ከእሱ ኋላ ያለው መትቶ ያቆማል፤ ያ ማቆም ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው እየተላለፈ ይሄዳል። ክንፉን ዘርግቶ የሚንሸራተት ወፍ፣ አብራችሁት ከዞራችሁ፣ በ1/250 ሰከንድ፣ እጅ ከጸና በ1/125 እንኳ፣ ክንፉ ሳይደበዝዝ ይያዛል። 1/125 ከ1/1000 ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ ብርሃን ነው። አባያ ላይ ስምንት እጥፍ ብርሃን ማለት 9 ደቂቃ ተጨማሪ ምሽት ማለት ነው። ይህንን ጊዜ የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም፤ ወፉን በማየት ብቻ ይገኛል።

አብሮ መዞሩ በእጅ አይሠራም። እግር ወፉ ያልፍበታል ተብሎ ወደሚታሰበው ቦታ ይተከላል፤ ከዚያ ወገብ ወደ ኋላ ዞሮ ወፉን ከሩቅ ይቀበላል፤ ክርኖች ወደ ጎን ተጠግተው፣ ዙረቱ እየተፈታ ወፉ ፊት ለፊት ሲደርስ ሹተሩ ይጫናል። ከተጫነ በኋላም ዙረቱ አይቆምም። አብዛኛው ጀማሪ ጣቱ ሲጫን ገላውን ያቆማል፤ ፎቶው የሚደበዝዘው እዚያች ላይ ነው። አንድ እግር ያለው መቆሚያ ለክብደት ይረዳል፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን በዚህ ሥራ ከእርዳታው እንቅፋትነቱ ያይላል።

ወላይታ በሐይቁ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ በኩል መሆኗ ሌላው ቁም ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ማዶ፣ ከምሥራቅ በኩል ነው። በዚህ ሰዓት ከወላይታ ዳርቻ የቆመ ሰው የሚያነሳው ወደ ብርሃኑ ስለሆነ፣ ወፎቹ በወርቃማ ውሃ ላይ ጥቁር ቅርጽ ሆነው ነው የሚታዩት። ማታ ብርሃኑ ከጀርባ ይመጣል፤ ላባው፣ ዓይኑ፣ የምንቃሩ ከረጢት ሁሉ ይታያል። ነገር ግን በምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ፀሐይዋን ከመጥለቂያዋ በፊት ይጋርዳታል። ዳርቻው ጥላ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ መሃል ሐይቁ ላይ የሚበር ወፍ ለጥቂት ጊዜ ገና ብርሃን ላይ ነው። እነዚህ ደቂቃዎች ከምሽቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ከጀርባ ያለው ውሃ ጨልሞ ወፉ ብቻ ያበራል። ብዙዎች ግን የቆሙበት ቦታ ስለጠቆረ መሸ ብለው ካሜራቸውን ከረጢት ውስጥ ይከታሉ።

የውሃው ቀለም ደግሞ ከብዙዎቹ ሐይቆቻችን ይለያል። ቢላቴና ሌሎቹ ገባር ወንዞች ከደጋው እርሻ እያጠቡ የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር፣ አባያ ቀይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። መልካም ምልክት አይደለም፤ የሚታየው ከገበሬው ማሳ የሄደ አፈር ነው። ፎቶ አንሺው ግን ከዚህ ውሃ ጋር መሥራትን መማር አለበት። ጥቁር ሰማያዊ ያልሆነ፣ ነጭም ያልሆነ መካከለኛ ቀለም ስለሆነ፣ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ውሃውን አይቶ የሚሰጠው ምክር ለውሃው ልክ ነው። ለነጩ ፔሊካን ግን ልክ አይደለም። በውሃው የተለካ ፎቶ ላይ የደረቱ ላባ ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ወፉ ገና በብርሃን ላይ ሳለ ከመለኪያው አንድ እርከን ያህል ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ወደ ሰማዩ ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብሩሁ ሰማይ መለኪያውን ያታልለውና ወፉ ይጠቁራል። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ ወይ ሰማዩ እንዲነጣ ፈቅዶ ላባውን ማዳን፣ ወይ ሰማዩን ማዳንና ወፉን በቅርጹ ብቻ ማቅረብ።

በቅርጽ የሚቀርብ ወፍ ክንፉ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል መሆን አለበት። ክንፉ ከገላው ጋር እኩል በሆነበት ቅጽበት ከጎን የተነሳ ፔሊካን ቀጭን ዱላ ይመስላል፤ ምን ወፍ እንደሆነም አይታወቅም። የክንፍን እንቅስቃሴ በፎቶ በጥልቀት ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በሰከንድ 12 ምስል የሚያነሳ፣ ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ፤ እያንዳንዱ ምስል የሚወስደው 1/720 ሰከንድ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ካነሳቸው በራሪዎች አንዱ ፔሊካን ነው። ማሬ ነጭ ወፎችን በጥቁር መደብ ፊት እያበረረ፣ የክንፉን ተከታታይ አቋም በአንድ ሰሌዳ ላይ አሰፈረ። እዚያ ምስል ላይ የሚታየው የክንፍ ጉዞ ዛሬም መቼ ሹተር መጫን እንዳለብን ይነግረናል፤ ክንፉ ከላይ ጫፉ ላይ ደርሶ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይዘገያል። የምሽት ፎቶ የሚነሳው በዚያች መዘግየት ላይ ነው።

ፔሊካን ባልመጣበት ምሽት፣ በሐይቁ ዳር ካሉት ወፎች ሁሉ ለዝቅተኛ ብርሃን የሚመቸው ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ትንሽ ነው፤ ከእርግብ ያንሳል። ከውሃው በላይ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ባለበት ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል። በቅርብ ያያችሁት እንደሆነ የሚያስደንቀው አንገቱ ነው። ክንፉ ይንቀጠቀጣል፣ ጅራቱ ይዘረጋል፣ ገላው ነፋሱ እንደገፋው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጭንቅላቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ረጅሙ ምንቃር ቁልቁል ወደ አንዲት ነጥብ እንዳመለከተ ይቆያል። ሌንሱ ዓይኑ ላይ ካረፈ፣ በ1/200 ሰከንድ የተነሳ ፎቶ ዓይኑን እንደ መርፌ ጫፍ ጥርት አድርጎ፣ ክንፉን እንደ ጢስ አድርጎ ያወጣዋል። እኔ ይህንን ፎቶ ክንፉ ከቆመው ይበልጥ እወደዋለሁ፤ ወፉ የሚያደርገውን በሙሉ ይናገራል። ከዚያ ክንፉን አጥፎ ይወረወራል። መወርወሩን ለመያዝ መሞከር በዚህ ብርሃን ጊዜ ማባከን ነው።

ዓሣ በል ንስር ግን ሌላ ነው። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር ስለሆነ፣ የካሜራው ፎከስ የሚይዘው ነገር አለው፤ ኦቶፎከስ የሚፈልገው ብርሃንን ብቻ ሳይሆን ነጭና ጥቁር የሚገናኙበትን ጠርዝ ነውና። ሲመሽ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እየዋለለ ካስቸገረ፣ ነጥቡን ነጩ ደረት ከጥቁሩ ክንፍ የሚገናኝበት ላይ አሳርፉት። ነፋሱንም እወቁ። ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋስ ያዞራል። ነፋሱ ከጀርባችሁ ከመጣ፣ ወፎቹ ወደ እናንተ እየመጡ ያርፋሉ፤ ከፊታችሁ ከመጣ ቀኑን ሙሉ ጀርባ ታነሳላችሁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ወላይታ ጊፋታን በምታከብርበት በመስከረም ወር መግባት ይጀምራሉ፤ እስከ መጋቢት ይቆያሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናቡ አጥቦት የሄደው አየር የጠራ ነው። ጥርና የካቲት ላይ አቧራና ጢስ ይበዛል፤ ፀሐይዋ ቀልታ ትጠልቃለች፣ ዝርዝሩ ግን ይጠፋል።

ስለ ዳርቻው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አባያ ውስጥ አዞም ጉማሬም አለ። ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ሣር የሚግጠው ልክ እኛ ፎቶ በምንጠብቅበት ሰዓት ነው፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ለዝቅተኛ ማዕዘን ብሎ ውሃው ጫፍ ላይ መተኛት ለአዞ ራስን ማቅረብ ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ የት እንደሚቆም ያውቃሉ፤ ከመምሸቱ በፊት ጠይቋቸው፣ ካሳዩአችሁ ቦታም አትለፉ። ወፎቹም ይታሰብላቸው። ሊያድር የተሰበሰበን መንጋ በጀልባ አስነስቶ በረራ ማንሳት፣ ሞቃት አየር በሌለበት ሰዓት የቀራቸውን ጉልበት ማስጨረስ ነው። እንዲህ የተነሳን ፎቶ ከጥሩ ፎቶ አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከወላይታ ወሰን አልፈን፣ አባያና ጫሞ መካከል ወዳለው ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች እዚያ መንገድ ላይ መኪና የገጫትን አንዲት ወፍ አገኙ። ገላዋ ተጨፍልቆ ስለነበር ይዘው የሄዱት አንድ ክንፏን ብቻ ነው። በምሽት ነፍሳት እያሳደዱ ከሚበሩት፣ ናይትጃር ከሚባሉት ወፎች ወገን ነበረች፤ ክንፏም ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ መሠረት አዲስ ዝርያ ተብላ ነጭ ሳር ናይትጃር የሚል ስም ተሰጣት። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የወፍ ተመልካቾች ቡድን እዚያው አካባቢ አየናት ብሎ ዘግቧል። በሙዚየም ያለው ማስረጃ ግን ያ ክንፍ ነው።

ናይትጃሮች ቀለማቸው ቅጠልና አፈር ስለሚመስል አንዱን ከአንዱ መለየት ከባድ ነው። ከመለያዎቹ ዋነኛው በክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ነው፤ የትኞቹን ላባዎች እንደሚያቋርጥና ከክንፉ ጫፍ ምን ያህል እንደሚርቅ። ስለዚህ በዚህ ወፍ ላይ ምርጫው ከፔሊካኑ ይገለበጣል። ዓይኑ ቢደበዝዝ፣ ሰማዩ ቢሻክር፣ ቀለሙ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ክንፉ ግን ተዘርግቶ መቆም አለበት። ሹተሩን ከ1/500 ሰከንድ አታውርዱት፤ አይኤስኦው እስከፈለገው ይውጣ፤ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ይከፈት። በተከታታይ አንሱ፤ ከተነሱት መካከል ክንፉ ወደ ካሜራው ዝርግት ያለበት አንድ እንኳ ከተገኘ ይበቃል። አስቀያሚ ነው ብላችሁ አንዱንም አትሰርዙ። የካሜራው ሰዓትና ቀን ትክክል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ፣ ያልተነካውን የራው ፋይል አስቀምጡ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1966 ለተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ላኩት፤ ፋይሉን ስትልኩ ፎቶው የተነሳው ፀሐይ ከጠለቀች ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነም ጻፉበት።